ግለ ሂስ በገረሴ

ልጄ ከመታመሟ በፊት የቤታችን ሕመምተኛ እኔ ነበርኩ፤ መደቡንም ለማንም የመልቀቅ ሐሳብ አልነበረኝም። ከዚያ በፊት ደግሞ ጤነኛ ነበርኩ። ይህን ስል የሚያምነኝ ሰው እየቀነሰ መጥቷል እንጂ እውነት ነው። አርባ ምንጭ ስመጣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ የሰሜን ልጅ ነበርኩ፤ ከሴቻ እስከ ሲቀላ ያለውን ቁልቁለት በእግሬ ወርጄ ዳገቱንም በእግሬ እመለስ ነበር። ሙቀቱን ለመድኩት። ዓሣውን ለመድኩት። ዳጣውን አፌ እስኪደነዝዝ እየበላሁ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ፣ «ይሄም ያቃጥላል ተብሎ ነው?» እያልኩ የአገሩን ሰው አስቅ ነበር። እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ። እስካሁን ያልለመድኩት «አስቸኳይ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

ሥራዬ ዕቅድና ሪፖርት ነው። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ብናገርም ለውጥ የለውም። ያልተሠራውን «በሂደት ላይ ያለ»፣ ተጀምሮ የቆመውን «አበረታች ጅምር የታየበት»፣ ጭራሽ የተረሳውን ደግሞ «በቀጣይ ትኩረት የሚሻ» ብዬ እጽፋለሁ። ሰኞ የሚፈለገው ሪፖርት ዓርብ ከሰዓት ይጠየቃል። ሞልቼ ስልከው ቅጹ ተቀይሯል ይባላል። በአዲሱ ቅጽ ስሞላው የድሮው ይሻል ነበር ይባላል። ኃላፊዬ ክፉ ሰው አይደለም። እሱንም ከላይ ሆኖ የሚያስጨንቀው አለ፤ ያንንም የሚያስጨንቀው አለ። ጭንቀት በእኛ ዘንድ እንደ ማንኛውም ደብዳቤ ከላይ ወደ ታች በግልባጭ ይወርዳል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ያበቃል ብዬ አምን ነበር፤ ከእኔ በታች ሠራተኛ አልነበረኝማ።

መጀመሪያ እጅ የሰጠው ጨጓራዬ ነው። አርባ ምንጭ ላይ የታመመ ሰው ወባ ነው። ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው። ታይፎይድ ካልሆነ ጨጓራ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ ውጭ የሆነ በሽታ ይዞ ክሊኒክ መሄድ ሰውን መናቅ ይመስላል፤ ስለዚህ እኔም ሥርዓቱን ጠብቄ ለሦስቱም በየተራ ታከምኩ። ከዚያ የደም ግፊቴ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ «ሽፈራው ጠጣበት» አለኝ። ቅጠሉን ቀቅዬ ጠጣሁ፣ አድርቄ ጠጣሁ፣ ዱቄቱን በማር ለውሼ ላስኩ፤ ግፊቱ ከሽፈራው ጋር አብሮ ከፍ አለ። ፀጉሬ በማበጠሪያው ላይ መቅረት ጀመረ። እንቅልፌ ጥሎኝ ጠፋ። አንድ ቅዳሜ ሲቀላ ገበያ መሐል ባዶ ማዳበሪያ ይዤ ቆሜ ምን ልገዛ እንደመጣሁ ጠፋኝ። የላንቴን ሙዝ ከጋሪ ላይ የምትሸጠው ሴት ለረጅም ጊዜ ስታየኝ ቆይታ፣ «ሙዝ ነው ጋሼ፣ ሙዝ ነው የፈለግከው» አለችኝ። ገዝቼ ገባሁ። የተላክኩት ለሽንኩርት ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም ጋ ገባሁ፤ ወጣት ነው፣ ከሚገባው በላይ ወጣት።

«ሥራዎ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ዕቅድና ሪፖርት።»

«እንቅልፍስ?»

«እሱ የለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መደቡን ከያዝኩ ጀምሮ።»

እስክሪብቶውን አስቀምጦ እንደ ተማሪ ያስረዳኝ ጀመር። «ጫሞ ዳር ቆመው አዞ ወደ እርስዎ ሲመጣ ቢያዩ ልብዎ በኃይል ይመታል፣ ደምዎ ለመሮጥ ወደ እግርዎ ይሄዳል፣ ሆድዎ ምግብ መፍጨቱን ያቆማል። ጥሩ ነው፤ ያድንዎታል። አዞው ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። የእርስዎ አዞ ግን አይሄድም። ሰውነትዎ ለዓመታት እየሮጠ ነው። ጨጓራውም፣ ግፊቱም፣ እንቅልፉም፣ መርሳቱም፣ መነጫነጩም ከዚያ ነው የሚመጣው።»

«ማለት?»

«ጭንቀት ነው።»

እውነቱን ልናገር፤ ተዋረድኩ። ያን ያህል ደም ሰጥቼ፣ ካሜራ በጉሮሮዬ ውጬ፣ የመጣልኝ ውጤት ማንም ባጃጅ ነጂ በነፃ ሊነግረኝ የሚችለው ሆነ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወገቡን «ዲስክ» ተብሎ ከመጣ ወዲህ ሰው ሁሉ ወንበር ይስብለታል። እኔ ምን ብዬ ልግባ? ጨነቀኝ? ሐኪሙ ኪኒን አዘዘልኝ፤ ዛሬም እውጠዋለሁ። ዕረፍትም አዘዘልኝ፤ እሱን በቀጣይ ትኩረት የሚሹ ጉዳዮች ውስጥ መዘገብኩት። ወጥቼ ስሄድ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ቆሽቴ አረረ፣ ደሜ ፈላ፣ ጨጓራዬን ላጠው እያልን ስንት ዘመን ኖረናል፤ አንድ ቀን የእውነት ሊያርርና ሊላጥ እንደሚችል ግን ማናችንም አልጠረጠርንም።

በአንድ ነገር ብቻ እኮራ ነበር። ሥራዬን ወደ ቤቴ አላስገባም። ሚስቴን ተቆጥቼ አላውቅም፤ በልጄ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። እንደ አንዳንዱ ባል በር ወርውሬ፣ ሳህን ሰብሬ አላውቅም። ገብቼ ጥጌን ይዤ እቀመጣለሁ። ቤቴ ሰላም ነው ብዬ ለጓደኞቼ ስንቴ እንደተመጻደቅኩ።

ከዚያ ልጄ ታመመች።

ስምንት ዓመቷ ነበር፣ ሁለተኛ ክፍል። ያለችን እሷ ብቻ ናት። መጀመሪያ ራቷን ትታ «ሆዴን» ማለት ጀመረች። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት ማስመለስ መጣ። የሰገራ ምርመራ አደረግን፤ አሜባ የለም፣ ጃርዲያ የለም። «ለማንኛውም» ተብሎ ሽሮፕ ተሰጣት። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ ወባ የለም፣ ታይፎይድ የለም፤ ለማንኛውም ሌላ ሽሮፕ። አልትራሳውንድ ተነሳች፤ ንጹሕ ነው። «ምንም የለባትም» ይሉናል፣ ፈገግ ብለው፣ ደስ እንዲለን። የዩኒፎርሟን ጉርድ እናቷ በመርፌ ቁልፍ አጠበበችው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁልፉን ወደ ውስጥ አራቀችው። መምህሯ ክፍል ውስጥ ጭንቅላቷን ዴስክ ላይ አስተኝታ እንደምትውል ነገረችን። ስታቅፈኝ የጎኗ አጥንቶች ይሰሙኝ ነበር። ፈራሁ። ስለ ራሴ ሕመም ያን ያህል ስቀልድ የኖርኩት ሰውዬ ስለ እሷ አንድ ቀልድ አልመጣልኝም።

ወደዚያው ወጣት ሐኪም ወሰድናት። መርምሮ፣ ወረቀቶቹን አገላብጦ፣ «እቤት ውስጥ የሚያስጨንቃት ነገር አለ?» አለ።

ደሜ ፈላ። መንገዱን ሙሉ ስሰድበው ገባሁ። «ይሄ ልጅ አንድ በሽታ ብቻ ነው የተማረው! ለእኔ ጭንቀት፣ ለእሷ ጭንቀት! ምን ያስጨንቃታል? ሪፖርት አታቀርብ!»  ባለቤቴ የገረሴ፣ የጋሞ ደጋ ልጅ ናት፣ አስተማሪ ናት፣ ነገር ስታሰላስል ዝም ትላለች። እቤት ስንደርስ ቀስ ብላ፣ «ቅዳሜ አባቴ ጋ እንውሰዳት» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። በእነሱ ደጋ ሰው ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲታመም ሽማግሌዎች የሚጠይቁት ምን በላህ ብለው አይደለም፤ ምን አጠፋህ ብለው ነው። ተጥሶ የተሸሸገ ነገር ጎሜ ይባላል። ጎሜ ጥፋተኛውን ብቻ አይዝም፤ ልጁን ይይዛል፣ ከብቱን ይይዛል። መድኃኒቱ ጥፋቱን በሽማግሌዎች ፊት አውጥቶ መናገርና የተበደለውን ይቅርታ መጠየቅ ነው። እኔ ደግሞ ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ኋላ ቀር አመለካከት አጭር ገለጻ አደርግላት ነበር። የዚያን ቀን ግን ልጄ ሶፋው ላይ ተኩራምታ ተኝታለች፤ አንገቷ ቀጥኗል። «እሺ» አልኩ።

እሺ ካልኩ በኋላ ያደረግኩትን የእኔ ቢጤ የመንግሥት ሠራተኛ ካልሆነ በስተቀር ማንም አያደርገውም። ተዘጋጀሁ። ግምገማ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ግለ ሂስ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ተነስተህ በሰው ፊት የራስህን ድክመት ትናገራለህ። ጥበቡን በዓመታት ውስጥ ተምሬዋለሁ። ጥፋት የለብኝም ካልክ እሱ ራሱ ትዕቢት ተብሎ ይያዝብሃል። እውነተኛውን ጥፋት ከተናገርክ ደግሞ ጅል ነህ። ስለዚህ መካከለኛውን ትመርጣለህ፤ የሚያሳፍር ግን የማያስባርር። «ራሴን በንባብ አለማብቃቴ።» «አንዳንድ ጊዜ ሰዓት አለማክበሬ።» ትንሽ አንገት ትደፋለህ፤ ሌላው ተነስቶ «ጓዱ ራሱን በደንብ አይቷል» ይልልሃል፤ ትቀመጣለህ። ከዚህ ጉባኤ ወጥቼ አንድም ቀን ዝቅተኛ ነጥብ አግኝቼ አላውቅም። እንግዲህ ለገረሴ ሽማግሌዎች ያቀድኩላቸው በዚህ መንገድ ነው። ዓርብ ከሥራ በፊት አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ ከልማዴ የተነሳ ዋና ዋናዎቹን አሰመርኩባቸው።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወጣን። ዳገቱ እየረዘመ ሲሄድ ሙቀቱ ወደ ኋላ ቀረ፤ ገረሴ ስንደርስ ጉሙ ገና አልተነሳም ነበር። ልጄ በእናቷ ነጠላ እንደተጠቀለለች ወረደች። አማቴ ከግቢው በር ተቀበሉን። እሷን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ፤ ራሷን ዳሰሱ። ሁለት ሽማግሌዎች ቀድመው መጥተው ደጁ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እርጥብ ሣር ተጎዝጉዟል። አማቴ ዘወትር እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰው ናቸውና ሐሳቤን ያወቁብኝ ይመስል፣ «ጥንቆላ የለም እዚህ፤ ወሬ ነው፣ ዕርቅ ነው፤ አትፍራ» አሉኝ።

ወረቀቴን አወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ። አማቴን ለሁለት ዓመት ያህል መጥቼ አለመጠየቄን። ለበዓል ጋቢ እልካለሁ ብዬ አለመላኬን። ከጎረቤት ጋር በአጥር ምክንያት ተኮራርፌ ሰላምታ ማቆሜን። የአባቴ ሙት ዓመት አገር ቤት ሲከበር የሩብ ዓመት ሪፖርት ደርሶብኝ መቅረቴን። እዚህኛው ላይ ድምፄ ትንሽ ተሰበረ፤ አላቀድኩትም ነበር፤ ቢሆንም ጥሩ ቦታ ላይ ነው የተሰበረው ብዬ አሰብኩ። ወረቀቱን አጠፍኩ።

«ጨረስክ?» አሉ አማቴ።

«ጨርሻለሁ አባባ። ተጨማሪ አስተያየት ካለ እቀበላለሁ።»

በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ በጋሞኛ አንድ ነገር አሉ። አማቴ ሳቃቸውን ለመያዝ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ባለቤቴ ደግሞ መሬት መሬት ታያለች።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ይሄ ሰውዬ የማንን ጥፋት ነው የሚያነበው? ይላል» አሉኝ አማቴ።

ፊቴ ጋለ። ሁሉንም በደንብ የሠራሁት መስሎኝ ነበር። የምመልሰውን ስፈልግ አማቴ ከእኔ ላይ ዓይናቸውን አንስተው ወደ ልጄ ዞሩ። አማቴ አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ነው የሚጠሩት።

«ና፣ ልጄ። ና እዚህ ቁጭ በል። ሆድህ መቼ ነው የሚያም?»

ልጄ እናቷን አየች። እናቷ አንገቷን ነቀነቀችላት።

«በሩ ሲከፈት» አለች። «አባዬ ከሥራ ሲመጣ።»

«ይመታል አባትህ?»

«አይመታኝም።»

«ይሳደባል?»

«አይሳደብም።»

እኔ እዚህ ጋ ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር። ምስክሬ ጥሩ እየመሰከረችልኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ምንም። ዝም ይላል። እንዲህ ይላል።»

አደረገችው። ጥርሷን ነከሰች፤ የጉንጯ ሥር እንደ ቋጠሮ ወጣ። ዓይኗን መሬቱ ላይ ተከለች። በአፍንጫዋ ብቻ፣ በረጅሙ መተንፈስ ጀመረች። በዚያ ከሳ ባለ ትንሽ ፊት ላይ አንድ የአርባ ዓመት ሰው ተቀምጦ መሬት መሬት ሲያይ አየሁት። ልምምድ አላስፈለጋትም። በደንብ የምታውቀው ፊት ነው። ማንም አልሳቀም። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከጀርባዋ እያለቀሰች እንደሆነ ያስታውቃል።

ልጄ ፊቷን ወደ ራሷ መለሰችና ቀጠለች። «ከዚያ እማዬም ዝም ትላለች። እኔም ዝም እላለሁ። ካወራን ይብስበታል። ብርጭቆ ቢወድቅብኝ ይብስበታል። ጠዋትም እንዴት ሆኖ እንደሚነሳ አላውቅም፤ ሳላየው ሆዴን ያመኛል።»

ብርጭቆ ወድቆባት ነበር? አላስታውስም። ምንም አላልኳትም ነበር ማለት ነው፤ ምንም እንዳላልኳት ነው የምኮራው። እኔ ጥጌን ይዤ ስቀመጥ፣ ይህች ልጅ ከበሩ ድምፅ ጀምራ ፊቴን ስታጠና፣ ትንፋሼን ስታዳምጥ፣ ትንፋሿን ይዛ ስትጠብቅ ነው ያመሸችው። ስንት ወር? ሐኪሙ ያለውን አዞ አስታወስኩ፤ የእሷ አዞ ነጠላ ጫማ አድርጎ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። 

አማቴ ለዕርቅ ከተጎዘጎዘው እርጥብ ሣር ቆንጥረው እጄ ላይ አስያዙኝ። «በል፣ ይቅርታ ጠይቅ።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሬ መንበርከክ ስጀምር ክንዴን ያዙኝ። «ለእኛ አይደለም። ምን አደረግከን እኛን? ለእሱ ነው፣ ለልጁ።»

በልጄ ፊት ተንበረከክኩ። ስንበረከክ ቁመታችን እኩል ሆነ። ሣሩ ጉልበቴን አረጠበው።

«ልጄ፣ በሥራ ጫና ምክንያት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሥራን ተወው» አሉ አማቴ።

«ይቅር በይኝ። ሳላውቅ አስፈራራሁሽ።»

«ሳላውቅንም ተወው።»

ስንት ዓመት ቃል ስቀጥል የኖርኩ ሰው፣ ቃል ሲቀነስብኝ ምን ያህል ራቁቴን እንደምቀር ያየሁት ያኔ ነው። «ይቅር በይኝ» አልኩ። «አስፈራራሁሽ።» እንባዬ መጣ። ልጄ ሁለት እጆቿን አምጥታ እጄን ያዘችልኝ። «እሺ አባዬ» አለች።

ይህን ጊዜ የደረት ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

ኃላፊዬ ነው። እንዳያመልጠኝ ብዬ ለእሱ ብቻ የተለየ ጥሪ አድርጌለታለሁ፤ ሁላችንም ቤት ውስጥ እናውቀዋለን።  እኔ አልተንቀሳቀስኩም፤ አላነሳውም ብዬ ወስኛለሁ፤ ሳይታወቀኝ ግን ጥርሴን ነክሼ ነበር። ልጄ አየችኝ። እጄን ለቃ ሆዷን ያዘች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ በጣም በቀስታ፣ «አንሳው አባዬ፣ ግዴለም» አለችኝ። «ካላነሳኸው ትናደዳለህ።»

አላነሳሁትም። ጮኾ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ። ልጄ ዓይኗን ከፊቴ ላይ ሳትነቅል፣ ስልኩ ጮኾ ጮኾ እስኪያበቃ ድረስ፣ እጇን ከሆዷ ላይ አላነሳችም።